ሥራውን አይቶ ቋንቋውን መምረጥ፤ የአድሚራል ግሬስ ሆፐር የሕይወት ታሪክ

ገበሬ በማጭድ አያርስም፤ በማረሻም አያጭድም። መሣሪያውን የሚመርጥለት ሥራው ነው እንጂ የመሣሪያው ማማር ወይም የጎረቤት ወሬ አይደለም። ይህ ለማንም ግልጽ የሆነ ነገር ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከማሳ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ቋንቋም መሣሪያ ነው። አባቶቻችን ለቅዳሴና ለቅኔ ግዕዝን ሲይዙ፣ በገበያና በቤታቸው ደግሞ የየአካባቢያቸውን ቋንቋ ይናገሩ ነበር። ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ሲጽፉ፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ግዕዝ ትተው በአማርኛ መጻፋቸው ግዕዝን በመናቅ አይደለም፤ ሥራው ያንን ይጠይቅ ስለ ነበረ ነው ብለን እናምናለን። ዛሬም ከሰበታ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ተፍኪን አልፎ ተጂ የደረሰ መንገደኛ፣ የበቾ ገበሬ በጤፍ ዋጋ ላይ በኦሮምኛ ሲከራከር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የግዕዝ ዜማ ሲወጣ ቢሰማ አይደንቀውም። ከእነዚህ ቋንቋዎች የትኛው ይበልጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ለምኑ ተብሎ መልሶ ይጠየቃል።

እንግዲህ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ኮምፒዩተር እናምጣው። ኮምፒዩተር የሚታዘዝባቸው ቋንቋዎች ዛሬ በብዙ መቶ ይቆጠራሉ። ተማሪዎቻችን በየመኝታ ቤታቸው፣ ወጣት ሠራተኞቻችንም በየቢሯቸው የትኛው ቋንቋ እንደሚበልጥ ሲከራከሩ እንሰማለን። ክርክሩ ጆሮን የሚስብ ቢሆንም ጥያቄው ከመነሻው የተጣመመ ነው። ለምን ሥራ፣ ለማንስ አገልግሎት ተብሎ ካልተጠየቀ መልስ አይገኝለትም። ይህንን ጥያቄ አስቀድመው ከጠየቁት፣ መልሱንም በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኀይል መኰንን ግሬስ ሆፐር ነበሩ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የእኒህን ሴት ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ ወደናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልጅነትና ትምህርት

ግሬስ ብሩስተር ሙሬይ በታኅሣሥ 9 ቀን 1906 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የኢንሹራንስ ሥራ የሚሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ የእናታቸው አባት ደግሞ የከተማይቱ መሐንዲስ ነበሩ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ግሬስ ነበሩ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱት፤ መልሰው መግጠም ስላልቻሉም ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን እያሉ በቤት የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች ፈታተው ጨረሱ። እናታቸው ነገሩን ሲደርሱበት ልጃቸውን ከመቅጣት ይልቅ፣ ከዚያ ወዲያ በአንድ ሰዓት ብቻ እንዲወሰኑ አዘዙ። የአባታቸውም አስተሳሰብ ለዚያ ዘመን እንግዳ ነበር፤ ሴቶች ልጆቻቸው እንደ ወንዱ ልጃቸው ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ ይፈልጉ ነበር።

ግሬስ በ16 ዓመታቸው ወደ ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት ቢጠይቁ በላቲን ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ስላገኙ አልተቀበሏቸውም። አንድ ዓመት ጠብቀው ገቡና በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዚያም በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስትሬት፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የተባሉ የሥነ ጽሑፍ መምህር አግብተው ሆፐር የሚለውን ስም ያዙ። ጋብቻው በ1945 ቢፈርስም ስሙ እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖረ።

ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። በዚያ ሳሉ የፈጸሙት አንድ ነገር የኋላ ሥራቸውን አስቀድሞ የሚያሳይ ነው። ለተማሪዎቻቸው ስለ አንድ የሒሳብ ቀመር ድርሰት እንዲጽፉ ያዟቸውና፣ ቀመሩን ብቻ ሳይሆን የአጻጻፉን ጥራት ጭምር ያርሙ ነበር። ተማሪዎቹ እኛ የመጣነው ለሒሳብ እንጂ ለቋንቋ አይደለም እያሉ አጉረመረሙ። የመምህርቷ መልስ ግን የማያወላውል ነበር፤ ለሌላ ሰው ማስረዳት የማይችሉትን ሒሳብ መማር ምንም አይጠቅምም አሏቸው።

ወደ ባሕር ኀይል

በታኅሣሥ 1941 አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ግሬስ ሆፐር በባሕር ኀይል ለመቀጠር አመለከቱ። ዕድሜያቸው 34 በመሆኑ አርጅተዋል ተባሉ፤ ክብደታቸውም ከሚፈለገው በታች ነበር። እርሳቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ልዩ ፈቃድ ጠይቀው በ1943 መጨረሻ በተጠባባቂው የባሕር ኀይል የሴቶች ክፍል ተቀጠሩ። የመኰንንነቱን ትምህርት በ1944 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ፈጸሙ፤ ወዲያውም ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላኩ።

በሃርቫርድ የጠበቃቸው ማርክ አንድ የተባለው ታላቅ የሒሳብ መኪና ነበር። ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል ያህል፣ ክብደቱም ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ሲሆን፣ በአንድ ሴኮንድ ሦስት የመደመር ሥራ ብቻ ይሠራ ነበር። ዛሬ በማናቸውም ተማሪ ኪስ ካለው ስልክ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ለዚያ ጊዜ ግን ተአምር ነበር። ትእዛዙ የሚሰጠው በወረቀት ጥብጣብ ላይ ቀዳዳ እየተበሳ ነው። ግሬስ ሆፐር በሃዋርድ ኤከን መሪነት ከዚህ መኪና የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዷ ሆኑ፤ በ1946 የታተመውንና ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መምሪያ መጽሐፍም ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚነገረው የእሳት ራት ወሬ ነው። በመስከረም 1947 ማርክ ሁለት የተባለው መኪና ሥራ ሲያቆም፣ ሠራተኞቹ በውስጡ የገባች አንዲት የእሳት ራት አግኝተው በመዝገቡ ላይ ለጠፏት። በእንግሊዝኛ የፕሮግራም ስሕተት በነፍሳት ስም መጠራቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን መሐንዲሶች ቃሉን ከዚያ አስቀድመው ይጠቀሙበት ነበር። ነፍሳቷንም ያገኟት ግሬስ ሆፐር ራሳቸው አልነበሩም። እርሳቸው ወሬውን ደጋግመው በማውራታቸው ዝና አተረፈ።

የጦርነቱ ዘመን ካለፈ በኋላ የነበሩት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ትዳራቸው ፈርሷል፤ የሃርቫርዱም ሥራ ጊዜያዊ ስለ ነበረ ሊያበቃ ሆነ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ መጠጥ አዘንብለው እንደ ነበርና ከዚያ ለመውጣት ወዳጆቻቸው እንደ ደገፏቸው የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ገልጠዋል። ይህንን የምናነሣው የታላቅ ሰው መንገድ ሁሉ አስፋልት እንዳልነበረ ወጣት አንባቢዎቻችን እንዲያውቁት ብለን ነው።

ሰው የመኪናን ቋንቋ ይማር ወይስ መኪና የሰውን?

በ1949 ግሬስ ሆፐር በፊላደልፊያ ከተማ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ይሠራ ወደ ነበረው ኩባንያ ገቡ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ኩባንያው በሬሚንግተን ራንድ ተገዛ። በዚያም አንድ ችግር ነገሬ ብለው ተመለከቱ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ስለ ሆነ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው እያንዳንዱን ትእዛዝ በቁጥርና በምልክት መጻፍ ነበረበት። አንድ ጊዜ የተሠራ የሒሳብ ክፍል ለሌላ ሥራ ሲያስፈልግ ከደብተር ደብተር በእጅ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥም ይሳሳታል። ስሕተቱን ለማግኘት ደግሞ ቀናት ይጠፋሉ።

ይህ አሠራር ሰውን እንዴት እንደሚያስቸግር በራሳቸው ላይ ደርሷል። በዚያ ዘመን ከሚሠሩባቸው መኪናዎች አንዱ የሚቆጥረው እንደ እኛ በዐሥር ሳይሆን በስምንት መሠረት ነበር። ግሬስ ሆፐር በዚህ አቆጣጠር ቀን ከሌት ሲሠሩ ሰንብተው የባንክ ሒሳባቸው አልመጣጠን አላቸው። የባንክ ሠራተኛ የነበሩት ወንድማቸው ብዙ ምሽት ደክመው ሲመረምሩት፣ እኅታቸው አልፎ አልፎ በስምንት መሠረት ይቀንሱ እንደ ነበር ተገኘ። ግሬስ ሆፐር ከዚህ የተማሩት፣ ሰው ለመኪናው እንዲመች ብሎ አእምሮውን ማጣመም እንደሌለበት ነው።

ስለዚህ በ1952 የመጀመሪያውን የኮምፓይለር ሥራቸውን አቀረቡ። ኮምፓይለር ማለት ሰው በሚመቸው መንገድ የጻፈውን ተቀብሎ መኪናው ወደሚያውቀው ቁጥር የሚለውጥ ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ያ የመጀመሪያው ሥራ የተዘጋጁትን የሒሳብ ክፍሎች ከጥብጣብ ላይ እየፈለገ በአንድነት ያገጣጥም ነበር። ብዙዎች ግን አላመኑም፤ ኮምፒዩተር የሚችለው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፤ ፕሮግራምን እንዴት አድርጎ ይጽፋል እያሉ ነቀፉ። ምንም እንኳ ሥራው በዓይናቸው ፊት እየሠራ ቢሆን አንዳንዶቹ ሊሞክሩት እንኳ አልወደዱም።

ግሬስ ሆፐር አልቆሙም። ኮምፒዩተር የሚጠቀሙትን ሰዎች ሲያጤኑ በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ ተረዱ። አንደኛው ወገን የሒሳብና የምሕንድስና ሰው ነው፤ ለእርሱ የቀመር ምልክት የለመደው ቋንቋው ነው። ሁለተኛው ወገን የደመወዝ ጸሐፊ፣ የንብረት ክፍል ኀላፊ፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ይህ ሰው በምልክት ሲያስብ አይውልም፤ የሚያስበው በተራ ቃል ነው። እንግዲህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ልብስ መስፋት ለምን ያስፈልጋል? በእርሳቸው ክፍል በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ተዘጋጁ። ማት-ማቲክ የተባለው ለሒሳብ ሰዎች ሲሆን፣ ፍሎው-ማቲክ የተባለው ለንግድና ለመዝገብ ሥራ ነበር። ሁለተኛው ትእዛዙን የሚቀበለው በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው።

የኩባንያው አለቆች በቃላት ትእዛዝ መስጠትን ሐሳብ ገና ሲሰሙ ከንቱ ብለውት ነበር። ግሬስ ሆፐር በ1955 አንድ ትንሽ ናሙና አሳዩአቸው፤ መኪናው ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ተቀብሎ ሠራ። ከዚያም ቃላቱን ብቻ ለውጠው ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ አሠሩት። ሐሳባቸው ለመኪናው ቃል ሁሉ ያው ምልክት መሆኑን ለማስረዳት ነበር። አለቆቹ ግን ደነገጡ፤ በፔንሲልቬኒያ የተሠራ አሜሪካዊ መኪና እንዴት ተደርጎ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያውቃል አሉ። ግሬስ ሆፐርም ሌላውን ቋንቋ ትተው በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ቃል ገብተው ፈቃዱን አገኙ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው። መኪናው በባሕርዩ የእንግሊዝ ወገን አይደለም፤ ደምር የሚለው የአማርኛ ቃል ከእንግሊዝኛው አቻው የበለጠ አያስቸግረውም። የጎደለው የፊደላችን ስምምነት ነበር፤ እርሱም በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ተሟልቷል።

የጎርፍ ሒሳብና የጤፍ መዝገብ

በዚያው ዘመን አይ.ቢ.ኤም. በተባለው ታላቅ ኩባንያ ጆን ባከስ የተባሉ ሰው ከጓደኞቻቸው ጋር ለሒሳብ ቀመር የሚስማማ ቋንቋ ሲያዘጋጁ ቆይተው በ1957 ፎርትራንን አወጡ። ትርጕሙ የቀመር ትርጓሜ እንደ ማለት ነው። በ1958 ደግሞ ጆን ማካርቲ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ ይህም ሰው ሠራሽ አእምሮን ለሚመራመሩ ነው። እንግዲህ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ገና ከመወለዳቸው ጀምሮ እንደየሥራቸው ተለያይተው ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱን በቅርብ ምሳሌ እንየው። አዋሽ በክረምት ሲሞላ የበቾን ሜዳ እንደሚያጥለቀልቅ የተጂና የአካባቢዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ መሐንዲስ የውሃውን ከፍታና ፍጥነት አስልቶ ጎርፉ የት እንደሚደርስ ለመተንበይ ፈለገ እንበል። ይህ ሰው የሚፈልገው ረዥም ቀመሮችን በአጭሩ የሚጽፍበትና በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ስሌት በፍጥነት የሚሠራለት ቋንቋ ነው። ከቢሊዮን አንድ እጅ የምታህል ልዩነት ብትፈጠርም ለጎርፍ ግምት ምንም አይደለችም። ለእንዲህ ያለው ሥራ የፎርትራን ዓይነት ቋንቋ ተስማሚ ነው።

በዚያው ከተማ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ደግሞ የገበሬዎችን ጤፍ በኩንታል ተረክቦ፣ ዋጋውን አስልቶ፣ ለእያንዳንዱ አባል የሚገባውን ብር ከነሳንቲሙ ይከፍላል እንበል። ስሌቱ መደመርና ማባዛት ነው፤ ከባድ አይደለም። ከባዱ መዝገቡ ነው፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ የእህል ዓይነት፣ መጠን፣ ዕዳ፣ ክፍያ፣ ይህ ሁሉ በየረድፉ ተይዞ ከዓመት ዓመት መተላለፍ አለበት። በዚህ ሥራ ላይ አንዲት ሳንቲም እንኳ ብትጠፋ መዝገቡ አይዘጋም።

የሳንቲሙ ነገር ቀላል አይምሰለን። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በዜሮና በአንድ ብቻ ነው። እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል 0.333 እያልን መጨረሻ እንደማናገኝለት ሁሉ፣ እርሱም አንድን ለዐሥር ሲያካፍል በራሱ አቆጣጠር መጨረሻ አያገኝለትም። ዐሥር ሳንቲም ማለት ደግሞ የብር አንድ ዐሥረኛ ናት። በቀመር ቋንቋዎች በተለመደው የክፍልፋይ አያያዝ ብትጻፍ በጣም በጥቂቱ ተዛብታ ትያዛለች፤ ብዙ ሺህ ጊዜ ስትደመር ያ ጥቂት መዛባት ተጠራቅሞ ይታያል። ጠንቃቃ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉን በሳንቲም ቆጥሮ ከዚህ ሊያመልጥ ይችላል። ለሒሳብ መዝገብ የተዘጋጀ ቋንቋ ግን ዐሥራዊውን ቁጥር አኀዝ በአኀዝ እንዳለ ስለሚይዘው ጸሐፊውን ከዚህ ሥጋት ያሳርፈዋል።

የጋራው ቋንቋ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሌላ ችግር ጎላ። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ኮምፒዩተርና የራሱን ቋንቋ ይሸጥ ነበር። መኪናውን የለወጠ መሥሪያ ቤት ፕሮግራሙን ሁሉ እንደ ገና ማስጻፍ ነበረበት፤ ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል። ሜሪ ሆውስ የተባሉ ባለሙያ ለንግድ ሥራ የሚሆን አንድ የጋራ ቋንቋ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ አነሡ። በሚያዝያ 1959 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ሰዎች መከሩበት፤ በግንቦት መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር በፔንታገን ታላቅ ጉባኤ ጠራ። ግሬስ ሆፐር ከሐሳቡ ደጋፊዎች ግንባር ቀደም ነበሩ፤ ለሥራውም በአማካሪነት ተሰየሙ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በገበያ ላይ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው በ1960 ኮቦል የተባለውን ቋንቋ አወጡ። ስሙ ለንግድ ሥራ የተዘጋጀ የጋራ ቋንቋ ማለት ነው። ነገሩ ግን ያለ ጭቅጭቅ አልተፈጸመም። ሥራው የዘገየ መስሎት የተበሳጨ አንድ የኮሚቴ አባል የቋንቋው ስም የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ ገዝቶ ለሊቀ መንበሩ ላከ። የሞተ የመሰለው ቋንቋ ግን ከቀባሪዎቹ ብዙዎቹን ቀብሮ ኖረ። በታኅሣሥ 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ተሞክሮ በሁለቱም ሠራ፤ የጋራ ቋንቋ የሚለው ሐሳብ ሕልም አለመሆኑ በዚያን ጊዜ ታወቀ።

ግሬስ ሆፐርን ብዙዎች የኮቦል እናት ይሏቸዋል። እውነቱን ለመናገር ቋንቋውን ያዘጋጁት እንደ ጂን ሳሜት ያሉ የኮሚቴው ባለሙያዎች ናቸው። ሆኖም ከቀረቡላቸው መነሻዎች ዋናው የግሬስ ሆፐር ፍሎው-ማቲክ ስለ ነበረ፣ አያቱ ናቸው የሚለው አጠራር ከእውነቱ የሚስማማ ይመስለናል።

ነቀፋና መልሱ

ኮቦል ነቃፊ አላጣም። ቃል ያበዛል፤ በአንድ መስመር የሚያልቀውን በአምስት መስመር ይጽፋል የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1975 ቋንቋውን ማስተማር እንደ ወንጀል ሊቈጠር ይገባል እስከ ማለት ደርሰዋል። ነቀፋው ባዶ አልነበረም፤ በጥንቱ ኮቦል የረቀቀ ምርምር መሥራት በሞፈር ጥርስ እንደ መጎርጐር ነው። ዳሩ ግን ቋንቋው የተዘጋጀው ለረቀቀ ምርምር አልነበረም። የመዝገብን ቅርጽ ለብቻው፣ የሚፈጸመውን ሥራ ለብቻው ለይቶ ስለሚጽፍ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሠራተኛ አንብቦ ሊከተለው ይችላል። ሥራውን ሳያዩ መሣሪያውን መንቀፍም ሥራውን ሳያዩ ከማወደስ የሚለይ አይደለም።

ግሬስ ሆፐርም ያሰቡት ሁሉ አልተሳካላቸውም። ፕሮግራም በተራ ቃል ሲጻፍ የመሥሪያ ቤት ኀላፊው ራሱ ይጽፈዋል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ይህ ብዙም አልሆነም፤ ችግሩን በሥርዐት ከፋፍሎ ማሰብ ከቃላቱ ይልቅ የሚከብድ ሥራ ስለ ሆነ አሁንም ባለሙያ ይፈልጋል።

ጊዜው እያለፈ ሲሄድ ለየሥራው አዳዲስ ቋንቋዎች ተወለዱ። ሲ የተባለው ቋንቋ የኮምፒዩተሩን የውስጥ አስተዳደር ለመጻፍ ተመረጠ፤ ዩኒክስ የተባለው ሥርዐት በ1973 በእርሱ ተጽፏል። ኤስ.ኪው.ኤል. በ1970ዎቹ የመጣው ከታላላቅ መዛግብት ጥያቄ እየጠየቁ መልስ ለማውጣት ነው። ጃቫስክሪፕት በ1995 የተወለደው ለኢንተርኔት ገጾች ነው። ፓይተን ለንባብ ቀላል በመሆኑና ብዙ የተዘጋጁ የሥራ ክፍሎች ስላሉት ለጀማሪውም ለተመራማሪውም ተመቸ። ኮቦል ግን አልጠፋም፤ በብዙ አገር ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሁንም ይሠራል። በሚያዝያ 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ አጡ ሲበዛ፣ የኒው ጀርዚ ግዛት ገዥ የቆዩትን የኮምፒዩተር ሥርዐቶች የሚያስተካክሉ ኮቦል ዐዋቂዎችን በአደባባይ እስከ መለመን ደርሰው ነበር። አዲሱን ቋንቋ ብቻ የሚያሳድድ ትውልድ፣ የቆየውን የሚጠብቅለት ሰው ባጣ ጊዜ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ ይታያል።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ግሬስ ሆፐር ዕድሜያቸው ስለ ገፋ በ1966 መጨረሻ ከባሕር ኀይል በጡረታ ተሰናበቱ። ነገር ግን በ1967 የባሕር ኀይሉን የተበታተኑ ፕሮግራሞች በአንድ መልክ እንዲያስይዙ ለስድስት ወር ተብለው ተጠሩ። የስድስት ወሩ ሥራ ወደ ሃያ ዓመት ተጠጋ። አንድ ኩባንያ የሸጠው ኮምፓይለር ትክክለኛውን ኮቦል መጠበቁን የሚፈትኑ ፕሮግራሞች በእርሳቸው አመራር ተዘጋጁ። በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆኑ፤ በ1985 ደግሞ የማዕረጉ ስም ሲለወጥ ሪር አድሚራል ተባሉ። በነሐሴ 1986 በቦስተን ወደብ በጥንታዊቷ ኮንስቲትዩሽን መርከብ ላይ በክብር ሲሰናበቱ የ79 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

በእርጅናቸው ዘመን ለወጣቶች ንግግር ማድረግ እጅግ ይወዱ ነበር። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ነገር በቆየው መንገድ ብቻ መሄድ እንደሌለበት የሚያሳዩበት ምሳሌ ነው። ለአድማጮቻቸውም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሽቦ ቁራጭ ያድሉ ነበር። ያ ርዝመት ብርሃን በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ጊዜ የሚጓዘው መንገድ ነው። ዐይን የማያየውን ጊዜ በእጅ የሚጨበጥ አድርገው ማስረዳታቸው፣ በወጣትነታቸው ለቫሳር ተማሪዎች ያስተማሩትን አለመርሳታቸውን ያሳያል።

አድሚራል ግሬስ ሆፐር በጥር 1 ቀን 1992 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በአርሊንግተን የጀግኖች መካነ መቃብርም በወታደራዊ ሥርዐት ተቀበሩ። ከሞቱ በኋላ በ1997 አንዲት የጦር መርከብ በስማቸው አገልግሎት ጀመረች፤ በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሰው ከሚሰጣቸው ኒሻኖች ከፍተኛው ተሸለመላቸው። በ2017 ደግሞ የተማሩበት የዬል ዩኒቨርሲቲ፣ የባሪያ አገዛዝ ደጋፊ በነበረ ሰው ስም ይጠራ የነበረውን ኮሌጁን በእርሳቸው ስም ሰየመው።

ለእኛ የቀረልን ትምህርት

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ ከእነርሱም አለፍ ብላ ያለችው ተጂ፣ የመሬት ይዞታቸውን፣ ግብራቸውንና የነዋሪ መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር የማይቀር ግዴታቸው ነው። ይህን ሥራ የሚረከቡት ዛሬ በትምህርት ቤት ያሉት ወጣቶች ናቸው። አንድ ወጣት ባለሙያ ቋንቋውን የመረጠው ወሬው ስለ ሞቀ ወይም እርሱ ብቻ ስለሚያውቀው ከሆነ፣ እርሱ ወደ ሌላ ሥራ በተዛወረ ማግስት መዝገቡ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ይሆናል። የሚጎዳውም የይዞታ ወረቀቱን ፍለጋ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ከአድሚራል ሆፐር ሕይወት የምንቀስማቸው ጥያቄዎች ቀላልና ግልጽ ናቸው። ሥራው ምንድን ነው፤ ቀመር ነው ወይስ መዝገብ? የአንድ ሳንቲም ስሕተት ይፈቀድበታል ወይስ አይፈቀድም? የዓመቱን ዐሥራ ሦስተኛ ወር፣ ጳጉሜን፣ አስቦበታል? ለዚህ ሥራ የተዘጋጁና የተፈተኑ ክፍሎች ያሉት በየትኛው ቋንቋ ነው? ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ አንብቦ ሊያስተካክለው ይችላል? በአገሩስ ያንን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይገኛል? እነዚህ ከተመለሱ በኋላ የቋንቋው ስም ራሱ ይመጣል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው። እኛም በዚያው ላይ፣ ቋንቋውን ከመምረጥ ሥራውን መመርመር ይቅደም እንላለን። ግሬስ ሆፐር የሰዓቶቹን ሆድ ዕቃ ከፍተው የተመለከቱት እንዴት እንደሚሠሩ ለማወቅ ነበር፤ ኮምፒዩተርንም የሰውን ቃል እንዲቀበል ያስገደዱት ለሰው እንዲያገለግል ነው። ወጣቶቻችን በየተመደቡበት ይህን ሁለቱን ከያዙ፣ ነገ የሚሠሩት መዝገብ ከእነርሱ ዕድሜ በላይ ኖሮ ሕዝቡን እንደሚያገለግል አንጠራጠርም።